በቤቴ ጥሩምባ አይነፋም

እናቴ ዜማ ስነፋ ሰምታኝ አታውቅም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ ነው። እኔ እንጀራዬን የምበላው በትራምፔት ነው። ሠርግ ላይ ነፍቻለሁ፤ ሆቴል ነፍቻለሁ፤ ለማላውቃቸው ሰዎች ልደትና ምረቃ ነፍቻለሁ፤ አንዴ የጫማ ሱቅ ሲከፈት በሩ ላይ ቆሜ ከንፈሬ እስኪያብጥ ነፍቻለሁ። የአዲስ አበባ ግማሹ በውድም በግድም ሰምቶኛል። እናቴ ብቻ ናት ያልሰማችኝ። አሁን ደግሞ ጆሮዋ እየከዳት ነው፤ ጨርሶ ሳይዘጋ አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ እንድትሰማኝ እፈልጋለሁ።

ጆሮዋ የከዳት ባንድ ጊዜ አይደለም። መሪ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ቀስ በቀስ ነው የሄደው። መጀመሪያ የበር ማንኳኳት መስማት ተወች። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን እየጨመረች፣ እየጨመረች ሄዳ ከላያችን ያሉት ሰዎች ዜናውን ከእኛ ጋር መከታተል ጀመሩ። ከዚያ ስልክ ላይ «እሺ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መዝጋት አመጣች፤ ሰው ምንም ይጠይቃት ምን መልሷ ይኸው ነው። አንድ ዘመዳችን ታምሜ ተኛሁ ብሎ ቢደውልላት እግዚአብሔር ይመስገን ብላ ዘጋችበት። ሐኪሙ ነርቩ ነው፣ ዕድሜ ነው፣ የሄደው አይመለስም አለን። ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ገዛንላት፤ ትንሽ ቀን አድርጋው ያፏጭብኛል፣ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል ብላ አውጥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ዶለችው። አሁን የምትሰማው ፊት ለፊቷ ቆመው፣ ቀረብ ብለው፣ ጮክ ብለው ሲያናግሯት ነው። ያንንም ግማሹን በጆሮዋ፣ ግማሹን ከአፋችን ላይ እያየች ነው። ፊቴን ካዞርኩባት የለሁም።

ታዲያ አጠገቧ ቆመህ ለምን አትነፋላትም ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው እናቴን አያውቃትም፤ እድርም አያውቅም።

ነገሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። እኔ ትራምፔት እላለሁ፤ ለእናቴ ግን ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ ደግሞ እኛ በነበርንበት በቀበና አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መንገድ ላይ ቆሞ አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋል። ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ብድግ ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገርና ወደሚቀጥለው መታጠፊያ ያልፋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ ወንዶቹ ድንኳን ሊተክሉ ይሄዳሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ድምፅ እወደው ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰው መሞቱ ትዝ አይለኝም። ያ አንድ ድምፅ ከወንዙ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ዳገቱ ደግሞ ቀጠን አድርጎ ሲመልሰው ነው እኔ የምሰማው። ሌላው ሟቹን ሲያለቅስ እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ምነው በደገመው እል ነበር።

ጎረምሳ ስሆን የካ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ፣ ድሮ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ትራምፔት የነፉ ጡረተኛ አገኘሁ። የፊት ጥርሳቸው ወልቆ መንፋት አቁመው ነበር። ትራምፔት ያለ ጥርስ አይነፋም፤ ከንፈር የሚደገፍበት ያጣል። እንዴት እንደሚያዝ፣ ትንፋሽ ከየት እንደሚመጣ በባዶ አፋቸው እያሳዩ አስተማሩኝና በመጨረሻ ጥርስ ያለህ አንተ ነህ ብለው ዕቃውን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ቀን ከየካ እስከ ቀበና በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳይገፋብኝ ፈርቼ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁና በካናቴራ ግቢው መሃል ቆሜ ነፋሁ። ጀማሪ ዜማ አይነፋም፤ አንዱን ድምፅ ይዞ፣ ሳያንቀጠቅጥ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ ረዘም ማድረግ ነው ልምምዱ። እኔም የምችለው እሱን ብቻ ነበር። እንግዲህ አስቡት።

ከእኛ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን የእናቴ ባልንጀራ ነበረች። ባሏ በዚያ ሳምንት ሆስፒታል ተኝቷል። ሴትዮዋ ጥሩምባውን ስትሰማ ባሏ ሞቶ ሊያረዷት የመጡ መሰላት። «ወይኔ ባሌን!» ብላ ደረቷን እየደቃች፣ ፀጉሯን ሳትሸፍን ወጣች። ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን ዘቅዝቆ ተከተለ። ማነው፣ ማነው ይባባላሉ። አንዱ ጎልማሳ ጭራሽ የድንኳን ቋሚ ተሸክሞ መጣ። ሁሉም ግቢያችን ውስጥ ገብተው አዩኝ፤ እኔም በካናቴራዬ ጥሩምባ ይዤ አየኋቸው። ለሰሚው ግራ ነው። ባልንጀራዋ ባሏ አለመሞቱ ሲገባት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቋ መጣና እየሳቀች አለቀሰች።

እናቴ አልሳቀችም። ጥሩምባውን ከእጄ ወስዳ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«በሚካኤል ምያለሁ» አለች፤ «እኔ ቆሜ በምሄድበት ዘመን በቤቴ ጥሩምባ አይነፋም።»

ሰውየው ድኖ በራሱ እግር ከሆስፒታል ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ባገኘኝ ቁጥር ቀባሪዬ እንደምን ነህ ይለኛል፤ በዕድሜው ጠግቦ በእውነት እስኪሞት ድረስ ቀባሪዬ እንዳለኝ ነበር። ሚስቱም ያስለቀስከኝን አልረሳውም እያለች ቡጢዋን ታሳየኛለች። ሁሉም ረሳው። እናቴ ግን ከማለች ማለች ነው። ትራምፔት እኮ ነው እማዬ ስላት ስሙን ስትለውጠው ሥራው ይለወጣል እንዴ አለችኝ። መሐላው የቤት ነው፤ ፍርሃቷ ግን ከቤት ወጥቶ ተከተለኝ። ከሙያዬ አልከለከለችኝም፣ መርቃኛለች፤ የምነፋበት ግን አትደርስም። የዘመድ ሠርግ ላይ ስነፋ ወጡን ልይ ብላ ጓዳ ትገባለች። የራሴ ሠርግ ላይ እንዳልነፋላት ሙሽራ ነበርኩ።

ስለዚህ የምለማመደው እንጦጦ ላይ ሆነ። ጠዋት ጠዋት በየካ በኩል ባሕር ዛፉን እየሰነጠቅኩ እወጣለሁ፤ ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሶ ሲተኛ እኔ ከላይ እነፋለታለሁ። በዚያን ጊዜ የሚሰማኝ ቢኖር ከዛፉና ቅጠል ከሚሸከሙ ሴቶች በቀር ማንም አልነበረም። እነሱም ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ጥቂት ያዳምጡና ጎበዝ ብለውኝ ይወርዳሉ። አሁንም እወጣለሁ፤ ግን አሁን መንገዱ ተሠርቶ ሯጩ፣ ብስክሌተኛው፣ ፎቶ የሚነሣው ሞልቷል። ዓይኔን ጨፍኜ አንዱን ዜማ ይዤ ስሄድ ብሮ፣ አንዴ ከመጀመሪያው ድገመው፣ ካሜራዬ አልያዘም ነበር የሚል ይመጣብኛል። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፤ ሂድና ዛፉን ቅረጽ እለዋለሁ። በኋላ ይጸጽተኛል፤ ልጁ መስማቱ ምን አጠፋ?

እንጦጦ ላይ ቆሜ ስነፋ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ቀበና አዞር ነበር። ነፋስ ከነፈሰ ይደርሳል፣ እናቴ ልብስ ስታሰጣ ትሰማ ይሆናል ብዬ። አንድ ቀን ቤት ገብቼ ጠዋት የሰማሽው ነገር አለ ወይ አልኳት። ውኃ ሊጠፋ ነው ብለዋል አለችኝ።

ወሬዬን የምታደርስላት ያቺ ያስለቀስኳት ባልንጀራዋ ነበረች። ሴትዮዋ የልጇ ሠርግ ላይ እንድነፋ አስጠርታኝ ከፊት ተቀምጣ ሰማችኝ፤ በማግሥቱ ለእናቴ ልጅሽ ሲነፋ አንጀት ይበላል አለቻት። እናቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ባልንጀራዋም አልተወቻትም፤ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለልጅሽም ባዳ አደረግሽው» አለቻት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማሁ፤ የዚያችን ሴት እጅ የሳምኩ ያህል ደስ አለኝ።

እንግዲህ ሥራዬ መስማት ነውና ስለ ሰፈር ድምፅ ሳላወራ አላልፍም። ቀበና ሳለን ከአልጋ ሳልወርድ ቀኑ የት እንደደረሰ አውቅ ነበር። ቅዳሴው ሲያበቃ የወንዙ ድምፅ ይጎላል፤ ከዚያ ቆራሌው ይመጣል። አንደኛው ቆራሌው ሲጣራ መጨረሻዋን ወደ ላይ ያነሣታል፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው ወደ ታች ይጥላታል። ሳላያቸው ነው የምለያቸው። ታክሲ መያዣው ላይ ደግሞ ወያሎቹ አሉ። የባንድ ጓደኞቼ ስነግራቸው ይስቁብኛል እንጂ ትንፋሽ ያስተማረኝ ወያላ ነው። ወያላ ቃሉን ጨርሶ አይተነፍስም፤ ከጨረሰ ሌላው ይገባበትና ተሳፋሪውን ይወስድበታል። ስለዚህ አራት ኪሎን መሃል ላይ ቆርጦ ሰርቆ ይተነፍሳል። ረጅም ዜማ ስነፋ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው፤ ሰው ማለቂያ ላይ ሲጠብቀኝ መሃል ላይ ተንፍሼ አልፌያለሁ።

መሪ ሌላ ነው። ጠዋት የውኃ ፓምፕ ነው የሚቀሰቅሰኝ፤ ከዚያ ሴራሚክ የሚቆርጠው ማሽን ይቀጥላል። ሁሉም ቤቱን ያድሳል፣ አድሶም አይጨርስ። መገናኛ ስወርድ ነጋዴው ድምፁን አንዴ ቀድቶ በድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ ይለቀዋል፤ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል፣ ድምፁ ለብቻው ይሸጣል። አይደክመው፣ አይተነፍስ። እኔ የማይተነፍስ ድምፅ አይገባኝም። ሰው አረጀ ይበለኝ፤ ቀበና ይናፍቀኛል። ጭቃው አይደለም የሚናፍቀኝ፣ ጭቃው ይቅርብኝ። ከግድግዳው ማዶ ሰው ሲያስነጥስ ይማርሽ የሚባልበት ነው የሚናፍቀኝ።

አንዴ አንድ ዘዴ መጣልኝ። የነፋሁትን በስልኬ ቀድቼ ማዳመጫውን እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩላት፤ መቼም ይህ መንፋት አይደለም፣ መሐላውም አይነካ። ጥቂት ሰማችና አወለቀችው። ይሄ ሬዲዮ ነው አለች። እኔ ነኝ እማዬ ብላት አንተማ እዚህ ተቀምጠሃል አለችኝ። ምን ትሏታላችሁ?

ሰፈሩ ለወንዝ ዳር ልማት ሲነሣ ተበተንን። እኛ መሪ ደረሰን፤ ባልንጀራዋ ከልጇ ጋር የከተማው ሌላኛው ጫፍ ሄደች። እድሩ ፈረሰ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። መሪ የገባንበት እድር ጥሩ ነው፣ ሰዎቹም ደጎች ናቸው፤ ግን ሰው ሲሞት መልእክቱ የሚመጣው በስልክ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ሞትን በኪስ ብላ አማተበች። ሁለቱ ባልንጀሮች በስልክ ይገናኙ ነበር፤ ያቺኛዋ ትጮሃለች፣ እናቴ እሺ፣ እሺ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትልና ትዘጋለች። የተባለውን ብጠይቃት ደህና ናት ከማለት ሌላ የምታውቀው የለም። አንድ ጊዜ ስልኩ ቀረ። እናቴ የተቀየመቻት መሰላት። ምን ብያት ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ከረመች። እኔ ልደውልላት ስል ራሷ ትደውል፣ እኔ አልለማመጥም አለችኝ፤ ኩራትም አለባት።

ሞቷን የሰማነው ከአርባዋ በኋላ ነው። መሪ ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ ስንወጣ እናቴ አንዲት የድሮ የቀበና ሴት አግኝታ ሰላም አለቻት፤ ሴትየዋ ያወቅን መስሏት ነፍስ ይማር፣ አርባዋም እንዲህ በቶሎ ወጣ አለች። እናቴ ከአፏ ላይ አነበበችው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ አላለቀሰችም። የቅርብ ሰው ሞቶ ቀብር ሳይደርሱ መቅረት በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእህት ያህል ለሆነች ደግሞ አይነሣ። ቤት ስንገባ ፊቴ ቆማ አየችኝ።

«ተነፍቶ እኔ ሳልሰማ ቀርቼ ይሆን?» አለችኝ።

የለም እማዬ አልኳት፤ እሷ የነበረችው ሩቅ ነው፣ እዚያ ቢነፋም እዚህ አይሰማም፣ ደግሞም በስልክ ነው የተላላኩት። አላመነችኝም። በየጥቂት ቀኑ መልሳ ትጠይቀኛለች። ጆሮዋን እንደ ወንጀለኛ ያዘችው። ሌሊት ተነፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እሷ ብቻ ተኝታ የቀረች ይመስላታል። እኔም እናቴ በራሷ ጆሮ ስታፍር ማየት ከበደኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሳሎን ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ያቺ ሴት ቀበና ተወልዳ፣ ቀበና ተድራ፣ ቀበና ወልዳ ከብዳ ሰፈሯ ሳይነገረው ተቀበረች አለች። ያን ጥሩምባህን ያዝና ተነሥ አለችኝ። እዚያ ማን አለ እማዬ፣ ሁሉም ተነሥቷል፣ ሣር ነው ያለው አልኳት። ሣሩም ቢሆን ይስማ አለችኝ።

ምን እንደተሰማኝ ልደብቅ አልችልም። ዕድሜ ልኬን የጠበቅኩት ነገር መጣ፤ የመጣው ግን ለእኔ አይደለም። ለሞተች ሴት ቀናሁ። እሷም የምትወደኝ ሴት ነበረች፣ ስነፋ ሰምታ ለእናቴ የነገረችልኝም እሷ ናት፤ ቢሆንም ቀናሁ። ዕቃዬን በሳጥኑ ይዤ እናቴን ደግፌ ደረጃውን ወረድን።

ከመገናኛ የአራት ኪሎ ታክሲ ያዝን። ወያላው ቀስ ይበሉ እማማ ብሎ አንሥቶ መስኮት ጋ አስቀመጣት። ከሾላ ጀምሮ ወያላው በዚያው በእሷ መስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጣራል፤ ጆሮዋ ሥር ነው የሚጮኸው። እናቴ ዞር እንኳ አላለችም። መንገድ ዳር የተተከለውን አበባና አዲሱን መብራት እያየች ነበር። ያን ጊዜ ልቤ ፈራ። እኔ የምሰማው ይህ ሁሉ መንገድ ለእሷ የለም። ይህን ካልሰማች እኔንስ?

ቀበና ስንደርስ ቤታችን የነበረበትን ማግኘት እኔን አስቸገረኝ። ድልድዩ አለ፣ ወንዙ አለ፤ ሌላው ሁሉ የተነጠፈ መንገድ፣ የተከረከመ ሣርና አግዳሚ ወንበር ሆኗል። ያምራል፤ ዋሽቼ አያምርም አልልም። እናቴ ግን አላመነታችም። ቁልቁለቱን እግሬ ያውቀዋል ብላ ክንዴን ይዛ ወረደች፣ ቆመች፣ በጣቷ አሳየችኝ። ይኼ የእሷ በር ነበር፣ ይኼ የእኛ። ከዚያ እዚያ ባዶ ሣር ላይ እንደ ድሮው ከበሯ ፊት ቆማ በእጇ ደረቷን መታች፤ በቀስታ ነው የመታችው።

ጥበቃው መጣ። ወጣት ነው፤ እዚህ መጫወት አይፈቀድም ሊለን ሳጥኑን እያየ ቀረበ። እናቴ ሰው ሞቶብን ነው ልጄ አለችው። ቆቡን አወለቀ፤ ነፍስ ይማር ብሎ ፊቱን አዙሮ ራቅ አለ።

አጠገቧ ቆሜ አንዴ ረዘም አድርጌ ነፋሁ። ሳላሳምር፣ ሳላንቀጠቅጥ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አውጥቼ። ድምፁ ሽቅብ ሄደና እንጦጦ መለሰው። እናቴ ራሷን ነቀነቀች፤ ሰምታለች። ከዚያ እሷ ራሷ ጥሩምባ ነፊው እንደሚያደርገው ባልንጀራዋን በሙሉ ስሟ፣ ከነአባቷ፣ ጠራች። አርፋለች አለች፤ ቀብሯም ተፈጽሟል፣ ያልሰማችሁ ስሙ። ጆሮው የደከመ ሰው ድምፁን አይመጥንምና ወንዙን ተሻግሮ ተሰማ። ብስክሌት የምትነዳ ልጅ ቆማ ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። ሁለት የእግር መንገደኞች ቆመው አማተቡ። ከዚህ ሌላ ማንም የለም፤ ለእናቴ ግን በቃት። ያን ሁሉ ሳምንት የያዘችው እንባ ያን ጊዜ መጣላት። አልቅሳ ስትጨርስ አግዳሚው ላይ ወስጄ አስቀመጥኳትና ዕቃዬን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመርኩ።

«ተው፣ አትክተተው» አለችኝ። «ያን ለሰው የምትነፋውን ደግሞ ንፋልኝ።»

የሰማሁትን አላመንኩም። መሐላሽስ አልኳት፤ አፌን ገልጬ፣ ቃሉን ከአፌ ላይ እንድታየው አድርጌ።

እጇን አንሥታ ሣሩን ዙሪያውን አሳየችኝ። «የማልኩት በቤቴ ነው» አለች። «ቤት የት አለና?»

ሰው ፊት መንፋት ሥራዬ ነው፤ ሺህ ሰው ቢቀመጥ አይደንቀኝም። እናቴ ፊት ግን ሌላ ነው። ዓይን ዓይኔን ስታየኝ የምችል አልመሰለኝም። ቀስ እያልኩ ወደ ወንዙ አጥር ሄድኩና እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዞርኩ። የምወደውን፣ ዝግ ያለውን የትዝታ ዜማ ያዝኩ። በጉልበት የሚነፋ አይደለም፤ በሰው ጆሮ የሚንሾካሾኩ ያህል ነው የሚነፋው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያልነፋሁላትን ሁሉ ነው የነፋሁት፤ ወጥ ልታይ የገባችበትን ሠርግ ሁሉ፣ ነፋስ ያላደረሰልኝን ጠዋት ሁሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ነፍቼ አላውቅም፤ ወደፊትም የምነፋ አይመስለኝም። የመጨረሻውን ድምፅ ቀስ አድርጌ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ይዤ ለቀቅኩት። ጥበቃው እንኳ ከሩቅ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

ዞር አልኩ። እናቴ መዳፏን ከጆሮዋ ኋላ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ እኔ አስግጋ ተቀምጣለች።

«ጀምር እንጂ ልጄ» አለችኝ፤ «ምን ትጠብቃለህ?»

«ከንፈሬን እያሟሟቅኩ ነው እማዬ። አሁን ልጀምር ነው» አልኳት ጮክ ብዬ፤ ሄጄም ከጎኗ ተቀመጥኩ።